በዘይት የተበጁ የከብት መርፌ መድኃኒቶች ለብዙ ጊዜ ሳይበላሹ ስለሚጠበቁበት ሥርዓት

ወደየወረዳው ዕቃ ቤት ከሚላከው የከብት መድኃኒት ብዙው በውሃ የተበጀ ነው፤ አንዳንዱ ግን በዘይት የተበጀ ነው። ሁለቱ በብልቃጥ ሲታዩ ቢመሳሰሉም በጠባይ አይገናኙም። በውሃ የተበጀውን መጠበቅ የለመደ የዕቃ ቤት ሹም በዘይት የተበጀውንም በዚያው ልማድ ያስቀመጠው እንደ ሆነ፣ ብልቃጡ ሳይሰበር ቡሽውም ሳይነካ የመድኃኒቱ ኃይል ብቻ ይጠፋል። ይህም የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ከብቱ ከተወጋ በኋላ በሽታ ሲገባ ነውና፣ ያን ጊዜ ገንዘቡና ከብቱ ብቻ ሳይሆን ባላገሩ በመርፌ ላይ ያለው እምነት አብሮ ይጠፋል። የጠፋ ገንዘብ በበጀት ይተካል፤ የጠፋ እምነት ግን በስንት ዓመት እንደሚመለስ በየወረዳው ያላችሁ ሹማምንትና ባለ ከብቶች ከኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ የአጠባበቁን ነገር ከነምክንያቱ ለመጻፍ አሰብን፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ትእዛዙን ለጥቂት ቀን ይጠብቃል እንጂ አይዘልቅበትምና።

አስቀድሞ መድኃኒት በዘይት ለምን እንደሚበጅ ማወቅ ይገባል። በውሃ የሟሟ መድኃኒት በሥጋ ውስጥ ሲወጋ ፈጥኖ ወደ ደም ይገባል፤ ፈጥኖም ከሰውነት ይወጣል። ፔኒሲሊን በተገኘበት ዘመን በሽተኛው በየሦስትና በየአራት ሰዓቱ ሌሊትም ሳይቀር መወጋት ግድ ሆኖበት ነበር። በፈረንጆች ቍጥር በ1944 ሞንሮ ሮማንስኪ የተባለ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ሐኪም መድኃኒቱን በለውዝ ዘይትና በንብ ሰም ለውሶ ቢያበጀው፣ በቀን አንድ ጊዜ መውጋት የሚበቃ ሆነ። ነገር ግን ቅይጡ እጅግ ወፍራም ስለ ነበረ አስቀድሞ ካልሞቀ በመርፌ አያልፍም ነበር፤ በኋላም በሌላ ብልሃት ተተካ። ለክትባትም እንዲሁ ነው። ጁልስ ፍሮይንድ የተባለው ሊቅ ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ (ይህም በፈረንጆች ቍጥር ነው) ክትባት ከማዕድን ዘይት ጋር ሲዋሐድ ሰውነቱ በሽታውን ለመከላከል የሚያደርገው ዝግጅት እንዲበረታና እንዲሰነብት አሳየ። ዛሬ ለከብት የአፍና የእግር በሽታና ለዶሮ ፈንግል ከሚሠሩት ክትባቶች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ በዘይት የተበጁ ናቸው። እንግዲህ ዘይቱ በሥጋ ውስጥ እንደ ጐተራ ሁኖ መድኃኒቱን ጥቂት በጥቂት ያወጣል ማለት ነው።

በዘይት የተበጀ መድኃኒት ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ ስሕተቱም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። አንደኛው መድኃኒቱ በዘይቱ ውስጥ ፈጽሞ የሟሟበት ነው፤ ይህ እንደ ጠራ የኑግ ዘይት ብርሃን ያሳልፋል፤ የኤ፣ የዲና የኢ ቪታሚኖች፣ ደግሞም አንዳንድ የመራቢያ መድኃኒቶች እንዲህ ናቸው። የሚሟሙበትም ዘይት የሰሊጥ፣ የለውዝ፣ የጥጥ ፍሬ ወይም የጉሎ ዘይት ይሆናል። ሁለተኛው ደቃቅ ዱቄት በዘይት ውስጥ የተበተነበት ነው፤ ሲቀመጥ ይዘቅጣል፤ ሲነቀነቅ ይመለሳል። ሦስተኛው ደቃቅ የውሃ ጠብታ በዘይት ውስጥ የተሰወረበት፣ እንደ ወተት የነጣው ነው፤ የዘይት ክትባት የሚባለውም ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከሁሉ ይልቅ የሚፈሩት ሙቀትን፣ ብርሃንንና አየርን ነው፤ ሦስተኛው ግን ሙቀትንም ቢፈራ ከሁሉ የከፋ ጠላቱ በረዶ መሆን ነው።

ዘይት በአየር ሲሰነብት ሽታው እንደሚለወጥ ቅቤ የሚያኖር ቤት ሁሉ ያውቀዋል። በአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ከዘይቱ ጋር ይዋሐዳል፤ ይህንንም ሙቀትና የፀሐይ ብርሃን ያፋጥኑታል፤ መዳብና ብረትም ያፋጥኑታል። ከተበላሸው ዘይት የሚወጣው ነገር መድኃኒቱን ያበላሸዋል፣ በከብቱም ሥጋ ላይ ዕብጠት ያመጣል። የቪታሚን ኤ መድኃኒት ከሁሉ ይልቅ በብርሃንና በአየር ይጠፋል። ብልቃጡ ቡናማ ቀለም ያለው ሁኖ የሚሠራውም ለጌጥ አይደለም፤ ብርሃን እንዳይገባ ነው እንጂ። ቢሆንም ቡናማው ብርጭቆ ብርሃንን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አይከለክልምና፣ ብልቃጡን ከመጣበት የወረቀት ሣጥን አውጥቶ በመስኮት አጠገብ በመደርደሪያ ላይ ማሳመር የሚገባ አይደለም። ከብልቃጡ ጋር የመጣውን የማስረጃ ወረቀት የያዘውም ይኸው ሣጥን ነው።

ስለ ሙቀት የኬሚስትሪ ሊቃውንት አንድ የግምት ደንብ አላቸው፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር የመበላሸቱ ፍጥነት እጥፍ ገደማ ይሆናል ይላሉ። ይህ ለሁሉ መድኃኒት የተቈረጠ ሕግ ባይሆንም ለሹም ማሰቢያ ይበቃል። በ25 ዲግሪ 2 ዓመት ሊቈይ የሚችል መድኃኒት በ35 ዲግሪ ወደ 1 ዓመት፣ በ45 ዲግሪም ወደ 6 ወር ይወርዳል ማለት ነው። በመተማና በሑመራ በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን አለ፤ በቆርቆሮ ክዳን ሥር ያለ ጣራ አልባሽ የሌለው ዕቃ ቤት ደግሞ ከውጭው ይብሳል። ስለዚህ በቆላ ወረዳ የሚሠራ ዕቃ ቤት ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ወደ ሰሜን ወይም በጥላ በኩል የሆነ፣ ጣራውም በሣር ወይም በሌላ ነገር የተደረበ ቢሆን ከብዙ ወጪ ያድናል።  በዘይት የሟሙ መድኃኒቶች ብዙውን ጊዜ ከ25 ዲግሪ ወይም ከ30 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት ይቀመጡ የሚል ቃል በብልቃጣቸው ላይ ይገኛል፤ ማቀዝቀዣ አይሹም። አንዳንድ የዕቃ ቤት ሹሞች ግን ለበጎ አስበው በማቀዝቀዣ ያኖሯቸዋል፤ ያን ጊዜ ዘይቱ ይረጋል፤ መድኃኒቱም እንደ ጨው ፍሬ ሁኖ ይወጣል። ይህ ከሆነ ብልቃጡን በእጅ ይዞ ወይም ለብ ባለ ውሃ አቁሞ እየነቀነቁ ቢያሞቁት ፍሬው ተመልሶ ይሟሟል፤ ከሟሟም በኋላ የጠራ ከሆነ ይወጋበታል። በእሳት ዳር ማቆም ወይም በፈላ ውሃ መንከር ግን ብልቃጡንም ያፈነዳል፣ መድኃኒቱንም ያበላሻል። ሙቀት ከተሰጠው በኋላ ፍሬው ያልጠፋ ብልቃጥ አይወጋበት።

አሁን ወደ ሦስተኛው፣ ማለት ወደ ዘይት ክትባት እንመለስ። ይህ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ይጠበቃል፤ ከቶም በረዶ አይሁን። ሌሎች ክትባቶች ግን በረዶን የማይፈሩ አሉ፤ ደርቀው እንደ ዱቄት የሚመጡት ናቸው። በአገራችን በ1880ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ክፉ ቀን የተባለውን ረኃብ ያመጣው ደስታ የተባለው የከብት ወረርሽኝ ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. የታወጀው በእንዲህ ያለ የደረቀ ክትባት ብርታት ነው። ከዚያም በፊት በፈረንጆች ቍጥር በ1990ዎቹ በአፋር ምድር ሙቀትን የሚችለው የዚህ ክትባት ዓይነት ያለ ማቀዝቀዣ በአርብቶ አደሮች መካከል ተይዞ ዞረ። ይህን ያየ ሰው ክትባት ሁሉ እንዲህ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ግን አይደለም። የደረቀው ክትባት በበረዶ ምንም አይሆንም፤ የዘይት ክትባት ግን አንዲት ሌሊት በረዶ ቢሆን ጠፋ።

ለምን እንደሚጠፋ ለማስረዳት ከወተት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ወተት ማለት ደቃቅ ቅባት በውሃ ውስጥ ተሰውሮ ያለበት ነው፤ በቅል ሲናጥ ያ መዋሐድ ይፈርስና ቅቤው ለብቻ፣ አሬራውም ለብቻ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ቅቤውን ወደ አሬራው መልሰህ የፈለግኸውን ያህል ብትንጥ ወተት አይሆንልህም። በዘይት ክትባት ውስጥ የተሰወረው የውሃ ጠብታም በረዶ ሲሆን እየሰፋ ከጎኑ ካለው ጋር ይገናኛል፤ በረዶው ሲቀልጥም ውሃው ከዘይቱ ተለይቶ ይቀራል። ተነቅንቆ ለጊዜው ነጭ ቢመስልም መዋሐዱ ፈርሷል፤ መድኃኒቱም ለአንዱ ከብት ብዙ፣ ለአንዱ ከብት ምንም ሁኖ ይደርሳል።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቈጠራ ወደ አንድ ደጋ ወረዳ ተልኬ ሳለሁ፣ የዕቃ ቤቱ ሹም ክትባቱን ከማቀዝቀዣው ላይኛ ክፍል፣ ከበረዶው ግድግዳ ጋር አስጠግቶ ደርድሮ አገኘሁት። ሰውየው ታማኝና ትጉህ ነበር፤ «ጌታዬ፣ ከዚህ የበለጠ ብርድ ያለበት ቦታ የለም» ብሎ ደስ እያለው አሳየኝ። አንዱን ብልቃጥ አንሥቼ ወደ ብርሃን ባየው ከበታች ጣት የሚያህል ጥሩ ውሃ ቆሟል። ነቀነቅሁት፤ ነጭ ሆነ። በጠረጴዛ ላይ አኑረን መዝገቡን ጥቂት እንዳየን ውሃው እንደ ገና ወርዶ ተቀመጠ። ሰውየው ፊቱ ተለወጠና «እንግዲያው ባለፈው ማክሰኞ የወጋናቸው ከብቶችስ?» አለኝ። ከዚሁ ሣጥን የወጣ ክትባት በአንድ ቀበሌ ላሉ ከብቶች ተሰጥቶ ነበር። ደግነቱ የመርፌ መዝገቡ የባለ ከብቱን ስምና የክትባቱን የሥራ ቍጥር ይዞ ስለ ተገኘ፣ ባለ ከብቶቹ በየቤታቸው ተፈልገው እውነቱ ተነገራቸው፤ ሌላ ክትባት ከመጣ በኋላም ከብቶቻቸው ዳግመኛ ተወጉ። ከመካከላቸው አንዲት እናት ያላቸው ሀብት አንድ ጥማድ በሬ ብቻ ነበር፤ «ልጆቼ፣ ባትነግሩን ኖሮ ማን ያውቅባችሁ ነበር?» ብለው መረቁን። ሁሉም ግን አልመረቀንም፤ በሬውን አላስነካም ብሎ የሄደም ነበር፤ አልፈረድሁበትም። መዝገቡ ባይኖር ኖሮ ግን ለማን እንነግር ነበር? ስለዚህ ከብት በተወጋ ጊዜ ሁሉ በብልቃጡ ላይ የታተመው የሥራ ቍጥር ከባለ ከብቱ ስም ጐን ሳይጻፍ እንዳይቀር ሹማምንት ጠንክረው ይመልከቱ።

የዘይት ክትባት በማቀዝቀዣ ውስጥ በመካከለኛው መደርደሪያ ይቀመጥ፤ ከበረዶው ክፍል አጠገብም፣ ከመዝጊያውም ኪስ አይሁን፤ የመዝጊያው ኪስ በተከፈተ ቍጥር ይሞቃልና። የሙቀት መለኪያ ከብልቃጦቹ መካከል ይኑር፤ ጠዋትና ማታ ተነቦ በመዝጊያው ላይ በተለጠፈ ወረቀት ይጻፍ። ከታች ባዶ በቀረው ስፍራ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ ቢደረደር ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ቅዝቃዜውን ይዞ ያቈያል። ሥጋና ጠላ በዚያ ማቀዝቀዣ አይግባ፤ ይህን የምለው ሳላይ ቀርቼ አይደለም። በደብረ ብርሃንና ያን በመሰለ ከፍተኛ ደጋ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲጥል፣ ማቀዝቀዣ የለንም ብሎ ክትባቱን በውጭ በረንዳ ማሳደርም ያው ጥፋት ነው።

በመንገድ የሚደርሰው ጥፋት ከዕቃ ቤቱ አይተናነስም። ክትባት ወደ ቀበሌ ሲሄድ የበረዶ ጥቅል ባለበት ሣጥን ይያዛል፤ ጥቅሉ ከበረዶ ክፍል እንደ ወጣ ወዲያው ከብልቃጡ ጋር ቢነካካ ክትባቱን በመንገድ ያረጋዋል። ስለዚህ ጥቅሉ በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ላዩ እስኪያላብና ሲነቀነቅ በውስጡ የውሃ ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ይጠበቅ፤ ከዚያም በኋላ ብልቃጡ በወረቀት ሣጥኑ እንዳለ መካከል ይግባ። ከታች ውሃ ያልቆመበት፣ ከላይ ግን ጥቂት ጥሩ ዘይት የተንሳፈፈበት ብልቃጥ የታየ እንደ ሆነ ወዲያው አይጣል፤ በብዙዎቹ የዘይት ክትባቶች ይህ ከመቀመጥ ብዛት የሚመጣ ነው፤ በቀስታ ሲነቀነቅ ይመለሳል። የሚፈራው ከበታች የሚለየው ውሃ ነው። የተጠራጠረ ሰው የማስረጃውን ወረቀት ያንብብ፤ አሁንም ካልረካ በፈረንጆች ቍጥር በ1964 ወደ ተቋቋመው በቢሾፍቱ ወዳለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት ወይም ክትባቱን ወደ ላከው መሥሪያ ቤት ይጠይቅ።

ስለ ዘመን ቍጥር ደግሞ የተለየ ማሳሰቢያ አለን። በብልቃጡ ላይ የሚታተመው የማለፊያ ቀን ብዙውን ጊዜ በፈረንጆች ዘመን ነው። በ2018 ዓ.ም. ያለ የዕቃ ቤት ሹም በብልቃጥ ላይ «03/2026» የሚል ቢያገኝና በኛ ዘመን ቢቈጥረው፣ ገና 8 ዓመት ቀረው ብሎ ከኋላ ይደረድረዋል። ይህ ግን የመጋቢት ወር ነው፤ ወር ብቻ የተጻፈ እንደ ሆነ እስከ ወሩ ፍጻሜ ይቈጠራልና፣ መድኃኒቱ የሚያልፈው መጋቢት 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ከመስከረም 1 ቀን እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ገደማ ላለው ጊዜ ከፈረንጁ ዘመን 7፣ ከዚያ ወዲህ ላለው 8 መቀነስ ነው። ዕቃ በገባ ቀን ቀኑ ወደኛ ዘመን ተመልሶ በሣጥኑ ላይ በትልቁ ይጻፍ፤ በኋላ የሚመጣው ሹም ስሌቱን እንደ ገና እንዳይሠራ። ሲወጣም አስቀድሞ የገባው ሳይሆን አስቀድሞ የሚያልፈው ይውጣ፤ ዘግይቶ የመጣ ዕቃ ቀድሞ የሚያልፍበት ጊዜ አለና።

የተከፈተ ብልቃጥ ሌላ ነገር ነው። የዘይት ክትባት በተከፈተበት ቀን ይለቅ፤ የተረፈው አይደር። በዘይት የሟሟና ብዙ ጊዜ የሚቀዳ መድኃኒት፣ የማስረጃው ወረቀት ሌላ ካላለ፣ ከተከፈተ በኋላ 28 ቀን ያህል ይሠራበታል፤ የተከፈተበት ቀን ይጻፍበት። መርፌውን በብልቃጡ ላስቲክ ላይ ሰክቶ መተው አየርንና ቆሻሻን ማስገባት ነው። ብልቃጡም ቆሞ ይቀመጥ፤ ዘይት ላስቲክን ያብጣል፣ ያለሰልሰዋልም፤ ይልቁንም የማዕድን ዘይት። ስለዚህም በሲሪንጅ ውስጥ ያለው የላስቲክ መግፊያ በዘይት ክትባት ሲሠራበት ቶሎ ይበላሻልና በየጊዜው ይመርመር። የተቀቀለ ሲሪንጅ ሳይደርቅ ዘይት አይቀዳበት፤ ውሃው ዘይቱን ያደፈርሰዋል። መድኃኒትን ወደ አረቄ ጠርሙስ ገልብጦ ማካፈል ግን ስለ ምንም ምክንያት የሚገባ አይደለም፤ ስሙም፣ ቀኑም፣ ንጽሕናውም አብሮ ይቀራልና።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሹማምንት እንዲያውቁልን የምንፈልገው አንድ አደጋ አለ። ከብት ሲወጋ ይፈራገጣል፤ መርፌውም ብዙ ጊዜ የሚወጋው ሰው ጣት ላይ ይገባል። የውሃ መድኃኒት ከሆነ ሕመሙ ብዙ ላይሆን ይችላል፤ የማዕድን ዘይት ያለበት ክትባት ግን ጥቂትም ቢሆን ወደ ጣት ወይም ወደ መገጣጠሚያ ከገባ ብርቱ ሥቃይና ዕብጠት ያመጣል፤ የደም ሥሩም ይታፈናል፤ ፈጥኖ ሕክምና ያላገኘ ሰው ጣቱን ሊያጣ ይችላል። የቍስሉ ቀዳዳ ትንሽ መሆኑ ሰውን ያዘናጋል። የተወጋው ሰው ጣቱን እየጨመቀ ወይም ቅጠል እያሰረ አይቈይ፤ ዕብጠቱ ሳይጀምረው በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ፤ የክትባቱንም የማስረጃ ወረቀት ይዞ ለሐኪሙ ያሳይ። ሐኪሙ ቍስሉን ፈጥኖ ከፍቶ ማጠብ እንደሚያስፈልግ የሚያውቀው ዘይት መሆኑ ሲነገረው ነው። ከብት በሚወጋበት ቀን መኪና ወይም በቅሎ ተዘጋጅቶ እንዲቈይ ማድረግ የሹሙ ፈንታ ነው። ከብቱም በገመድ ሳይሆን በደኅና በረት ውስጥ ቢያዝ አደጋው ይቀንሳል።

ዕቃ ቤቱ በቁልፍ ይዘጋ፤ የከብት መድኃኒት ለሰው መድኃኒት ነው ብሎ የሚወስድ አይታጣምና። ያለፈበት ወይም የፈረሰ መድኃኒት ከደኅናው ጋር በአንድ መደርደሪያ አይቈይ፤ በቀይ ቀለም ተጽፎበት ለብቻው ይቀመጥ። ወደ ወንዝ መጣል ክልክል ነው። የከብት ሐኪሙ፣ የዕቃ ቤቱ ሹምና የወረዳው ተወካይ ሦስቱ ባሉበት ተቈጥሮ፣ የሥራ ቍጥሩና የጠፋበት ምክንያት ተጽፎ ይወገድ፤ የሚወገድበትንም መንገድ የከብት ሐኪሙ ይወስን። የዕቃ ቤት ሹም ሲለወጥም ርክክቡ በብልቃጥ ቍጥር ብቻ አይሁን፤ የሙቀቱ መዝገብ፣ የተከፈቱት ብልቃጦችና ቀናቸው፣ ለብቻቸው የተቀመጡትም ብልሹዎች አብረው ይፈረምባቸው፤ ፊርማውም ከመስጠት በፊት ተቀባዩ ሹም ከየሣጥኑ አንዳንድ ብልቃጥ አንሥቶ ወደ ብርሃን ይመልከት።